ቢያዝንና በቀሃ ዳር የተሠራለት መቀመጫ

ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በከተማው ውስጥ «ሥራዬ ዓሣ ማጥመድ ነው» ብሎ በአደባባይ የሚናገር ሰው እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ቢያዝን ነው። ሌላው ሰው ዓሣ ሲያምረው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዙ ላይ ይበትናል፤ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ሰማይ ሲገለብጥ በቅርጫት ይለቅማል። ቢያዝን ይህን ሥራ አጥብቆ ይንቀው ነበር። «ሰው አስክሮ ኪሱን ከሚፈትሽ ሌባ በምን ይሻላል?» ይል ነበር። የእርሱ ዘንግ ከሳንጃ ቆላ የመጣ ቀጥ ያለ ሽመል ነው። ገመዱን የሚፈትለው ከፈረስ ጭራ ሲሆን፣ እርሱም የወንድ ፈረስ መሆን አለበት፤ የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚነካው ቶሎ ይበጠሳል ባይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ዓሣ ሲያወራ ከሰማ ፊቱን ያዞራል።

ቢያዝን የጭልጋ ገበሬ ልጅ ነበር። በጣሊያን ጊዜ የሊማሊሞ መንገድ ሲቆረጥ ድንጋይ ሊፈልጥ ሄደ፤ አንድ ቀን ጠዋት ገደሉ ተንዶ ሁለቱንም እግሮቹን ከጉልበት በታች ወሰደበት። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። አርበኛ ቢሆን ኖሮ ሜዳይ ይሰጡት ነበር፤ የመንገድ ሠራተኛ ስለ ነበረ ግን የሰጡት አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ጎንደር ገብቶ ከተበላሸ የጣሊያን ማኪና አራት ኩሽኔታ ፈታና ሳንቃ ላይ አስመታ፤ ከዚያ በኋላ የከተማውን መንገድ ሁሉ በዚያች ጋሪ ላይ ተቀምጦ፣ መዳፎቹ ላይ የጎማ ቁራጭ አስሮ፣ መሬቱን በእጁ እየቀዘፈ ይሄድ ነበር። ሚስቱ ትርንጎ ስፌት ትሰፋለች። ምላሷ ከወስፌዋ የሚብስ ደግ ሴት ናት። እኔ ከእነርሱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ አራዳ ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖር ነበር።

ቀሃ ወንዝ ላይ ከብቱ ለመጠጥ የሚወርድበት ደልዳላ ቦታ ነበረ። ቢያዝን በየጧቱ በዚያ ተንሸራቶ ይወርድና ከአንድ ጥልቅ ገንዳ ዳር ይቀመጣል። ደሴ የሚባል፣ ቀኝ እጁን በጦርነት ያጣ ጓደኛ ነበረው፤ ደሴ ዘንጉን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ያጠምዳል። ሁለቱ ሙሉ ጧት ሳይነጋገሩ መዋል ይችሉ ነበር። ዛሬም ድረስ ያንን ዝምታ ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ብዙ ወሬ በሚወራበት ከተማ ውስጥ የተገኘ ትልቅ ሀብት ነበር።

ታዲያ በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት «የቀሃ ዳር መናፈሻ ማኅበር» የሚባል ነገር ተቋቋመ። በጎንደር የሚቋቋም ማኅበር ሁሉ ሰብሳቢ ያስፈልገዋል፤ ያን ጊዜ ሰብሳቢ የሚባለው ሁሉ ደግሞ ቀኛዝማች ፋንታሁን ነበሩ። አንድን ወንበር ሳይለቁ በሌላው ላይ መቀመጥ የሚችሉ ሰው ናቸው። ጸሐፊያቸው አቶ ዳኛው ይባላል፤ በጣሊያን ጊዜ አስተርጓሚ የነበረ፣ ከእጁ ቦርሳ የማይለይ። በቦርሳው ውስጥ የከተማው ምሥጢር ሁሉ ያለ ይመስለን ነበር። እኔ አንድ ቀን ተከፍቶ አይቼዋለሁ፤ ግማሽ ዳቦና ማበጠሪያ ነበረበት።

ማኅበሩ የወንዙን ዳር በሽቦ አጠረ። አበባ ተከለ። ከበሩ እስከ ውኃው ሃያ ሁለት የድንጋይ ደረጃ አሠራ። በሩ ላይም «ከብትና ጋሪ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። በማግሥቱ ቢያዝን እንደ ልማዱ ሲመጣ የበሩ ዘበኛ ከለከለው።

«ሰሌዳውን አታይም? ጋሪ አይገባም።»

«ጋሪ የት አለ? ይኼማ እግሬ ነው» አለ ቢያዝን።

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ ኩሽኔታዎቹን ቆጠረ። «አራት እግር ካለህማ ከብት ነሃ! ከብትም አይገባም።»

በቀልዱ የሳቀው ራሱ ዘበኛው ብቻ ነው። ደሴ በደረጃው መውረድ ይችል ነበር፤ ግን ጓደኛውን በር ላይ ትቶ አልገባም አለ። ሁለት ወር ሙሉ ቢያዝን ከሽቦው ውጭ ተቀምጦ ውኃውን ከሩቅ ሲያይ ከረመ። ትርንጎ አንድ ቀን ወደ እኔ ክፍል መጣችና፣ «አንተ የማመልከቻ ጌታ፣ ለሰው ሁሉ ትጽፋለህ፤ ለዚህ ሰውዬ ብትጽፍለት እጅህ ይቆረጣል? ባሌ እኮ ከቀን ወደ ቀን እየሞተብኝ ነው» አለችኝ።

ጻፍኩ። በዘመኑ ደንብ መሠረት ከላይ ስድስት መስመር ውዳሴ፣ ከታች ስድስት መስመር እጅ መንሣት፣ በመካከሉ አንዲት አሳብ፦ አካለ ስንኩላን ወደ ወንዙ የሚወርዱበት መንገድና ዓሣ የሚያጠምዱበት መቀመጫ ይሠራላቸው። ማኅበሩ በዚህች አንዲት አሳብ ላይ አምስት ጊዜ ተሰበሰበ። በአንደኛው ስብሰባ ዓሣ ምን እንደሚበላ ተነጋገሩ። በሁለተኛው አንድ አባል፣ እግር የሌለው ሰው ዓሣ ቢያመልጠው እንዴት ሮጦ ይይዘዋል ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄውም በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። በአምስተኛው አቶ ዳኛው፣ ባሕር ማዶ ባሉ መናፈሻዎች እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሠራ ከአንድ መጽሔት ላይ ማየቱን ተናገረ። ባሕር ማዶ የሚለው ቃል ሲነሣ ክርክሩ አበቃ። መቀመጫው እንዲሠራ ተወሰነ፤ ለእኔም የማኅበሩን ደብዳቤዎች የመጻፍ ሥራ ተሰጠኝ።

እውነቱን ለመናገር መቀመጫው ሸጋ ሆኖ ተሠራ። ይህ የሆነው ግን ማኅበሩ ስላሰበበት አይደለም፤ ግንበኛው አስተዋይ ሰው ስለ ነበረ ነው። ግንበኛው ከማንም ሳይማከር ቢያዝንን ጠራውና፣ «አያ ቢያዝን፣ እኔ እግር አለኝ፤ የሚያስቸግርህን አላውቅም። አንተ እየነገርከኝ እሠራለሁ» አለው። ቢያዝን በጋሪው እየወረደና እየወጣ ተዳፋቱን ለካ፤ «እዚህ ይፈጥናል፤ እዚህ ደግሞ ክንዴን ይጨርሰዋል» እያለ ሦስት ጊዜ አስፈረሰው። ከውኃው ጫፍ ላይ ጋሪው ተንደርድሮ እንዳይገባ አንድ ስንዝር ከፍታ ያለው ድንጋይ አስቆመ። የግንቡን ከለላ በተቀመጠ ሰው ክርን ልክ አስደረገ። ለደሴም ዘንግ የሚተከልበት ቀዳዳ በድንጋዩ ላይ ተቦረቦረለት። በእነዚያ ሳምንታት ቢያዝን ማታ ከትርንጎ ጋር ሲሳሳቅ ከክፍሌ እሰማ ነበር።

ሥራው በታኅሣሥ አለቀ። ቀኛዝማች ግን «ሳይመረቅ ማንም አይቀመጥበትም» አሉ። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ይመጣሉ ተባለ፤ መቀመጫውን እርሳቸው እንዲመርቁት፣ ለቢያዝንም የመግቢያ ወረቀት በእጃቸው እንዲሰጡት ታሰበ። ያለዚያች ወረቀት ዘበኛው አያሳልፈውም። ቀኑም ጥር ዘጠኝ ሆነ።

ጎንደር የተወለደ ሰው እዚህ ላይ አንብቦ ሳይስቅ አይቀርም። ጥምቀት ሲቃረብ የቀሃ ውኃ ተጠልፎ በቦይ ወደ ፋሲል መጠመቂያ ይገባል፤ መጠመቂያው እስኪሞላ ድረስ ከጠለፋው በታች ያለው ወንዝ ጭቃና ድንጋይ ሆኖ ይሰነብታል። መናፈሻው ያለው ከጠለፋው በታች ነው። ይህን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ደግሞ ቀኛዝማች ናቸው፤ የጥምቀቱ ዝግጅት ሰብሳቢ እርሳቸው ነበሩና። ውኃው ይጠለፍ የሚለውን ደብዳቤና መቀመጫው ይመረቅ የሚለውን ደብዳቤ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ብዕር ፈረሙ። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ሳቀርብ፣ «ጌታዬ፣ ውኃው…» ብዬ ጀምሬ ነበር። «ውኃውን በሌላኛው ደብዳቤ ጨርሰነዋል» አሉና ማኅተሙን መቱበት። እኔም ዝም አልኩ። የጸሐፊ ዝምታ እንጀራው ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ ዛሬ ሳስበው ግን ከእነርሱ ሞኝነት የእኔ ብልጠት የበለጠ ያሳፍራል።

ጥር ዘጠኝ ጠዋት ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ። አቶ ዳኛው ቀድሞ መጥቶ ከግንቡ ላይ ወደ ታች ሲያይ ደነገጠ። ገንዳው ደርቆ፣ ከመካከሉ የመሶብ ክዳን የምታህል ቡናማ ውኃ ቀርታለች።

«ወንዙ ምን ሆነ?» ብሎ ጮኸ።

«የጠየቀን የለም እኮ» አለ ዘበኛው።

አቶ ዳኛው ግን እንዲህ በቀላል የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። ከጎርጎራ በማኪና የመጣ ዓሣ አራዳ ላይ ይሸጥ ስለ ነበር ሰው ሰደደና አንድ ትልቅ አስመጣ፤ ቢያዝንንም ከነዘንጉ አስጠራ። ዘበኛው ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ወርዶ የዓሣውን አፍ በመንጠቆው ላይ ሰካ፤ በዚያች ውኃም ውስጥ ሸሸገው። ቢያዝን ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ አየ። ነጭ ልብስ ለብሷል፤ ትርንጎ ጢሙን ከርክማለታለች።

«ስማ አንተ» አለው አቶ ዳኛው። «እንግዳው ሲቀመጡ እኔ ንግግር አደርጋለሁ። ስጨርስ ዘንግህን ሳብ። ዓሣው ይወጣል። ያጨበጭባሉ። ወረቀትህን ትቀበላለህ። አበቃ።»

ቢያዝን ወደ ታች አየ። «ይኼ ዓሣ ከሞተ ሁለት ቀኑ ነው።»

«እንግዳው ሐኪም አይደሉም!»

ቢያዝን ወደ ትርንጎ ዞረ። እርሷም ጠጋ ብላ በጆሮው፣ «ምነው ታየኛለህ? ሳበውና ወረቀቱን ተቀበል። ከነገ ወዲያ ውኃው ይመለሳል፤ አንተም ትገባለህ። የእነርሱ ዓሣ ቢገማ ለእነርሱው ነው» አለችው። እርሱም ራሱን ነቀነቀ። ሊያደርገው ወስኖ ነበር፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዳው መጡ። ጥቁር ካባ የደረቡ፣ የደከማቸው ሽማግሌ ናቸው። ወንበራቸው ከግንቡ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ወንዙ አይታይም። አቶ ዳኛው ቦርሳውን ይዞ ተነሣና ስለ ሥልጣኔ ተናገረ፤ ስለ ባሕር ማዶ ተናገረ፤ ቀኛዝማችን አመሰገነ። በመጨረሻም እጁን ወደ ቢያዝን ዘርግቶ እንዲህ አለ፦ «ይህ ምስኪን ፍጡር ከዛሬ በፊት በልመና ይኖር ነበር። ዓሣ ማጥመድ ምን እንደ ሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። ማኅበራችን አስቀመጠው፤ ዘንግ ሰጠው፤ ጥበቡንም አስተማረው!»

ጭብጨባ ሆነ። ቢያዝን ዘንጉን ሳበ። ዓሣው ጭቃ ተለቅልቆ፣ ዓይኑ ሰርጉዶ፣ እንደ አሮጌ ጫማ እየተወዛወዘ ወጣ። እንግዳው እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

«ግሩም! ይህ ዓሣ ምን ይባላል ልጄ?»

ቀኛዝማች ወረቀቷን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ቢያዝን ወረቀቷን አየ። ከዚያ አቶ ዳኛውን አየ።

«ቆሮሶ ነው ጌታዬ፤ የጣና ዓሣ። ቀሃ ውስጥ ቆሮሶ ኖሮ አያውቅም። ትናንት በማኪና መጥቶ ነው።»

«በማኪና?»

«አዎን ጌታዬ። እኔ በሕይወቴ ለምኜ አላውቅም፤ አሥር ዓመት ሙሉ እዚሁ ቦታ ሳጠምድ ኖሬያለሁ። ይኼን ዘንግ የሠራሁት እኔ ነኝ። አቶ ዳኛው ደግሞ ይኸው የሞተ ዓሣ እንኳ መንጠቆ ላይ ሲያሰካ በጭራው በኩል ሊያሰካው ነበር፤ ዘበኛው ነው ያረመው።»

ከኋላ ያለው ሕዝብ መሳቅ ጀመረ። እንግዳው ተነሥተው ወደ ግንቡ ሄዱና ወደ ታች ተመለከቱ።

«ወንዙስ የት ሄደ?» አሉ።

«ወንዙማ ለጥምቀት ወርዷል ጌታዬ። የላኩትም ቀኛዝማች ናቸው» አለ ቢያዝን።

ሳቁ ድንኳኑን ሊያፈርሰው ደረሰ። እንግዳው ግን አልሳቁም፤ «እንግዲህ ውኃው ሲመለስ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ላኩልኝ» ብለው ብቻ ወደ ማኪናቸው ሄዱ። ቀኛዝማች ወረቀቷን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ይቺ ትቆይ» አሉ። ትርንጎ ባሏን ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታየው ግን ተወችውና፣ «ቀጥል እንግዲህ፣ ወደ ቤት ቅዘፍ» አለችው።

ጥምቀት አልፎ ውኃው ተመለሰ። ገንዳው ሞላ። በሩ ግን ለቢያዝን እንደ ተዘጋ ቀረ፤ በሸጋው ተዳፋት የቀኛዝማች እንግዶች ይወርዱበት ጀመር፤ መቀመጫውም ላይ ጠርሙስ ይደረደርበታል። ቢያዝን ይህን ከሽቦው ውጭ ሆኖ አንድ ሳምንት አየ። በሁለተኛው ሳምንት ትርንጎ ስፌቷን ጠቀለለች፤ አዘዞ ወንድም ነበራትና እቃቸውን በአህያ ጭነው ሄዱ። መገጭ ወንዝ በአዘዞ በኩል ዳርቻው ሜዳ ነው፤ ሽቦ የለውም፤ ማኅበርም የለውም። ደሴም ተከትሏቸው ሄደ። ግቢው ጭር አለብኝ።

ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ፤ እንግዳው ፎቶግራፉን ጠየቁ። ማኅበሩ ተሸበረ። አቶ ዳኛው በቀኛዝማች ማኪና እኔን ይዞ አዘዞ ወረደ። ቢያዝን መገጭ ዳር፣ ደሴ ከጎኑ፣ ተቀምጠዋል።

«አያ ቢያዝን፣ እንደምን ሰነበቱ?» አለ አቶ ዳኛው።

ቢያዝን ወደ ደሴ ዞረ። «ሰማህ? አንቱ ሆኛለሁ።»

«ወረቀትዎን ይዤ መጥቻለሁ። ማኪናውም ይወስድዎታል፤ ይመልስዎታል። ለግማሽ ሰዓት ብቻ ቢቀመጡልን።»

«በወረቀቷ ላይ የማን ስም አለ?»

«የእርስዎ ብቻ! ለሌላ ለማንም አልተሰጠም።»

«ደሴስ?»

አቶ ዳኛው ቦርሳውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «እርሱ… ሥርዓት እንዲኖር ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተፈቀደው።»

«እንግዲያው ስማኝ። ስም ጽፋችሁ ከምትሰጡኝ ያን ሰሌዳ አውርዱት። ጋሪ ያለውም፣ ምርኩዝ ያለውም፣ እጅ የሌለውም ሳይጠየቅ ይግባ። ያን ቀን በማኪና ሳይሆን በእነዚህ መዳፎቼ ከአዘዞ ጎንደር ድረስ እመጣለሁ። ከዚያ እንደ ፈለጋችሁ ፎቶ አንሡኝ፤ ጥርሴንም አሳያችኋለሁ።»

«ይህ የማኅበሩን ስብሰባ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።»

«አምስት ስብሰባ ይበቃችኋል?» አለ ደሴ፤ በዚያን ቀን የተናገረው ይህችን ብቻ ነው።

ማኅበሩም ስለ ሰሌዳው አልተሰበሰበም፤ ከዚያ የሚቀል መንገድ አገኘ። ከአሥር ቀን በኋላ ቢሮ ስገባ ፎቶግራፉ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሌላው ቅጂ አዲስ አበባ ሄዷል። በመቀመጫው ላይ ያለው ዘበኛው ነበር። ሁለቱን ጤነኛ እግሮቹን አጥፎ ተቀምጦባቸዋል፤ በላያቸውም ጋቢ ጣል ተደርጎባቸዋል፤ ፊቱን እንደ ምስኪን አጨማዷል። ከሥሩም «ማኅበሩ የረዳው አካለ ስንኩል» ይላል። ጽሑፉን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንድገለብጠው ታዘዝኩ። በዚያን ቀን ብዕሬን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዝም አላልኩም ለማለት ያህል።

በማግሥቱ ወደ አዘዞ በእግሬ ሄድኩና ለቢያዝን ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም።

«ዘበኛው? ያ አራት እግር የቆጠረብኝ?»

«እርሱው ራሱ።»

«ዘንጉንስ እንዴት አድርጎ ይዞታል?»

«ገልብጦ። በቀጭኑ በኩል።»

ያን ጊዜ ሳቀ። ደሴም ሳቀ። ትርንጎ ከዛፉ ሥር ሆና፣ «እግሩ ሳይደነዝዝበት አይቀርም ምስኪን!» ብላ ሁለቱንም እንደገና አሳቀቻቸው። ቢያዝን ዓይኑን በክንዱ ጠረገና በጎንደር በኩል ያለውን መንገድ ተመለከተ። ገመዱን ከውኃው አውጥቶ ትሉን ለወጠ፤ መልሶም ወረወረው።

«አሁን ከዚያ ዞር በልልኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥላህ ውኃው ላይ ወድቋል፤ ዓሣውን ታሸሽብኛለህ።»